ለእሷ የጫንክላትን ለእኔም ጫንልኝ

በሰው ቤት፣ በሰው ባል፣ በሰው ላም ቀንቼ አላውቅም። ጂንካ ውስጥ ከእኔ በኋላ ሥራ ጀምረው ፎቅ የሠሩ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይጨምርላቸው ብዬ አልፋለሁ። የእኔ ቅናት ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ነው የተቀመጠው። የምቀናው በአንዲት ሴት ነው፣ ሴትዮዋ የልብ ጓደኛዬ ናት፣ የምቀናባትም በመዝሙር ነው። "በመዝሙርም ይቀናል እንዴ?" የሚለኝ ሰው መዘምራን ውስጥ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ የትም ያልተጻፈ፣ ግን ማንም የማይሽረው ደንብ አለ። አዲስ መዝሙር ያመጣ ይመራዋል። ድምፁ ያምራል አያምርም አይባልም። መዝሙሩን ከየትም ፈልጎ፣ ግጥሙን ለቅሞ፣ ዜማውን ለሌላው ያስጠና ሰው ማይኩን ይይዛል፤ የቀረው ከኋላ ቆሞ ይቀበላል። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ደርግ ወድቆ ተዘግቶ የነበረው ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት መዝሙር ብርቅ ነበር፤ ያመጣ ሰው ይከበር ብለው ይሆናል። እኔ እንግዲህ በዚያ ደንብ ጥላ ሥር ነው ያደግሁት። እውነት እንነጋገር ከተባለ ያለ ደንቡ ማይክ የሚባል ነገር አልጨብጥም ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጂንካ ተነስቶ በቀይ አፈር፣ በወይጦ፣ በኮንሶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ አንዳንዴም አዲስ አበባ ይዘልቃል። ሲመለስ ከጫነው ዕቃ ጋር የመዝሙር ካሴት አይጠፋውም። ቤታችን ውስጥ ግን ቴፕ አልነበረም። ካሴት የሚያጫውተው መኪናው ነው። አባቴ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እኔ ቁልፉን ተቀብዬ ጋቢና እገባና በሾፌሩ ወንበር ላይ እኮፈሳለሁ። የሰፈር ልጆች ግራና ቀኝ በመስኮቱ ይንጠለጠላሉ። ማን ጋቢና ገብቶ እንደሚቀመጥ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር የምወስነው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጓደኛዬን ያወቅኋት በመስኮቱ በኩል ነው። ከላይ ከአሪ መንደር ለትምህርት መጥታ ከአክስቷ ጋር የምትኖር ልጅ ነበረች። እኔም አሪ ነኝ፤ ከተማ ተወልጄ ስላደግሁ ግን አማርኛዬ ይፈጥናል። እሷ ያኔ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ እያለች ታስቀኝ ነበር። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። በመኪናው መወጣጫ ላይ ቆማ አንዴ ብቻ የሰማችውን መዝሙር ከነማጠፊያው፣ ከነትንፋሹ ትመልሰዋለች። እኔ አንዱን ስንኝ ለመያዝ ካሴቱን ወደ ኋላ ስመልስ፣ ስመልስ ባትሪው ይደክማል፤ በማግስቱ መኪናው አልነሳ ሲል የሚገፉት ጎረቤቶች እኔን እየረገሙ ነው የሚገፉት።

ድምፅዋን እንዴት ልንገራችሁ። ሳትጨነቅ ይወጣል። እኔ አንገቴን ወጥሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምደርስበት ቦታ ላይ እሷ እየሳቀች ትደርሳለች፤ ከዚያም አልፋ ትሄዳለች። ያኔውኑ ቀናሁ። ነገር ግን የቅናቴ መድኃኒት በእጄ ነበር። ካሴቱን ያመጣው የእኔ አባት፣ መዝሙሩን ያመጣሁት እኔ፣ የምመራውም እኔ። እሷ ከኋላዬ ቆማ ትቀበላለች። አንዳንድ እሑድ ምእመኑ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው እሷን እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ቢሆንም ማይኩ እኔ እጅ ላይ ነው ብዬ እጽናናለሁ።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሄድን። እሷ አስተማሪ ሆነች፣ እኔ ቢሮ ገብቼ ጸሐፊ ሆንኩ፤ አገባን፣ ወለድን፣ አንዳችን የሌላችንን ልጆች አዘልን። ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ሚሞሪ ሆነ። አባቴ መንዳት ቢተውም አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ አዲስ የወጣውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ሞልታ ወደ ጂንካ በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች። ጓደኛዬ "እቴ፣ ምን መጣልሽ?" ስትለኝ መካከለኛ መካከለኛውን አሰማታለሁ። ጥሩ ጥሩውን ደብቄ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነው የማወጣው። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እኔ አላጣሁም፣ እሷም አላጣችም፣ መዘምራኑም በእኛ ምክንያት መዝሙር አጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ባለቤቴ ወደ ካንጋተን ተዛወረ፣ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ካንጋተን ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የወረዳ ከተማ ናት። የሙቀቱን ነገር ተዉት። እኛ በነበርንበት ጊዜ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነበር፤ መጣ ሲባል ሰው የያዘውን ጥሎ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ ሜዳ ይወጣል፣ ለአገር ቤት ደውሎ ሰላም ነው ወይ ሳይል ይጠፋበታል። መዝሙር ማውረድ የሚታሰብ አልነበረም። ሌላው ዓለም ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ሲዘፍንና ሲዘምር እኔ የድሮዎቹን መዝሙሮች እያንጎራጎርኩ ልብስ አጥባለሁ። ከፍተኛ ቦታ የነበረኝ ሰው ነኝና ቦታዬ ይጠብቀኛል ብዬ አስብ ነበር።

ጂንካ በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ ጓደኛዬ ማይክ ይዛ አገኘኋት። የምትመራው መዝሙር በጆሮዬ ገብቶ የማያውቅ ነው። ቀጥሎም ሌላ አዲስ። ሦስተኛውም አዲስ። መዘምራኑ እሷን እያየ ይተነፍሳል፤ ምእመኑ ቆሟል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። እኔ ከጎብኚ እኩል ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ስንወጣ አቅፋኝ ስትስመኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ናፍቀሽኝ ነበር" አልነበረም።

"ከየት ነው የምታመጪው?" አልኳት።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። "እኔ መች አመጣለሁ? እሱ ነው የሚያመጣልኝ። አንዱን ሰምቼ ሳልጨርስ 'ይሄኛውስ?' ይለኛል። ይሄኛውን ስሰማ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ ከየት አገር እንደሆነ እንኳ የማላውቅ ዘማሪ ይሰጠኛል። ልቤን የሚያውቀው ነው የሚመስለኝ። ነይ እንጂ እኔ ቤት፣ አብረን እንሰማለን።"

አልሄድኩም። ከዚህ በኋላ በሰው መስኮት ልንጠለጠል?

በዚያ ላይ እኔን ሌላ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ዕድሜ ይሁን የካንጋተን አቧራ፣ ድምፄ ወረደ። ድሮ በትግልም ቢሆን እደርስበት የነበረው ቦታ ላይ ስደርስ ይሰነጠቃል። ቶኑን ዝቅ አድርጉልኝ ስል ከኋላ የሚቀበሉት ልጃገረዶች መሬት ለመሬት ይሄዱና መዝሙሩ ይሞታል። የመዘምራኑ መሪ ትሑት ሰው ነው፤ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ የእናቶች ኅብረትም እኮ ትልቅ አገልግሎት ነው" አለኝ። የእናቶች ኅብረት የታመመ ይጠይቃል፣ ለእንግዳ ዳቦ ይጋግራል፣ ይጸልያል። ትልቅ አገልግሎት ነው፣ እኔም አልካድኩም። ግን የገባኝ ሌላ ነው። መዝሙር ይዤ ካልመጣሁ ከፊት መስመር ወደ ኋላ፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ዳቦው ነው መንገዴ። ዓመቱ ሲያልቅ ከጂንካ ብዙም በማትርቀው በካኮ ከተማ ትልቅ ኮንፈረንስ ነበር፤ ከየመንደሩ ሰው የሚጎርፍበት። እዚያ አንድ መዝሙር እንኳ ሳልመራ ብቀር ያበቃልኛል ብዬ ቆረጥኩ።

ስለዚህ ስልክ ገዛሁ። ጓደኛዬ የገዛችበት፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ስልክ ቤት ነው የሄድኩት። ባለቤቱ ከቡታጅራ መጥቶ ጂንካ ውስጥ የከበረ ነጋዴ ነው። ስልኩን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ የፊቱን መከላከያ መስታወት ለጥፎ ሲያበቃ፣

"እትዬ፣ ኢሜይል አለዎት?" አለኝ።

"የምን ኢሜይል? እዚህ ስልክ የገዛች አንዲት አስተማሪ አለች፤ ቀጠን ያለች..."

"ዘማሪዋ! አውቃታለሁ።"

ዘማሪዋ። እኔስ ምንድን ነኝ? ጥርሴን ነክሼ "አዎ፣ ዘማሪዋ" አልኩት። "ለእሷ የጫንክላትን ሁሉ ለእኔም ጫንልኝ። አንድም ነገር እንዳይቀር።"

"ልክ እንደ እሷ?"

"ልክ እንደ እሷ። ከእሷ ስልክ የሚጎድል ነገር ካለ ተመልሼ እመጣለሁ።"

ትንሽ አየኝና ትከሻውን ነቅንቆ ሥራውን ጀመረ። በጂንካ ስልክ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ኢሜይሉን የሚከፍትልን ባለ ስልክ ቤቱ ነው፤ ምን እንደከፈተ፣ የምስጢር ቁጥሩ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። እሷ ጋ ያለው ሁሉ እኔ ጋ ገባልኝ ብዬ እየተደሰትኩ ወጣሁ።

ጠዋት ጠዋት ባለቤቴና ልጆቹ ሲወጡ፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጬ መስማት ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝሙር ዘነበልኝ። ጀማሪ ነኝ፣ ምን እንደምወድ ለስልኩ ገና አልነገርኩትም፤ እሱ ግን የድሮ ወዳጅ ይመስል የሚያስለቅሰኝን መርጦ ይሰጠኛል። አንዲት በክራር የምትዘምር ሴት ሰማሁ፤ ከእሷ ወደ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ወሰደኝ፤ ከሽማግሌው ወደ አንድ የገጠር ኳየር። እስካሁን እህቴ ስትልክልኝ የነበረው ከገበያ የተረፈ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔንም ያውቀኛል አልኩ በልቤ። ለእሷ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ደራሽ ወንዝ ስለተሻገረ ሰው የሚያመሰግን አንድ መዝሙር አገኘሁ። መሃሉ ላይ ዜማው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሰው ወንዙን ወጥቶ ዳር ላይ ሲቆም የሚታይ ያህል ነው። ወደድኩት ብል ያንሳል። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ደጋገምኩ። ልይዘው ስሞክር ግን ከመውጫው ላይ ድምፄ ጥሎኝ ይወድቃል። ሳልኩ፣ ማር በዝንጅብል ጠጣሁ፣ ድምፅ የሚከፍት ነገር ስልኩ ላይ ፈለግሁ፣ አልሆነም። አርብ ላይ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጓደኛዬ ብድግ ብላ "አንድ መዝሙር አግኝቻለሁ" አለች። የወንዙ መዝሙር ነበር። ያቃተኝ ቦታ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ፈገግ ብላ ወጣችው።

አጋጣሚ ነው ብዬ ዋጥኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ የወደድኩትና ያልደረስኩበት መዝሙር ይዛ መጣች። ከዚያም ሌላ። የያዝኩትን አትነካም፤ ያቃተኝን፣ እያለቀስኩ የተውኩትን ብቻ ነው አንስታ የምትመጣው። ከእኔ ትራፊ ያማረ ገበታ ትሠራለች። ዓይኔ ደም ለበሰ። ከማንጎው ሥር ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ቤቷ ከእኛ ቤት ከተማውን አቋርጦ ነው፤ ያም ሆኖ አጥሩን ዞሬ ማን እንደሚያዳምጥ ያየሁበት ቀን አለ። ባለቤቴ ምን ሆነሻል ሲለኝ ነገርኩት።

"አንቺ ሴት፣ የምትሰሚው መዝሙር ነው ወይስ የመንግሥት ምስጢር?" አለኝ።

ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ ይሄን ቅናት ከልቤ ንቀልልኝ" እላለሁ፤ እዚያው ሳልነሳ "ግን አስቀድመህ እሷ የማታገኘው አንድ መዝሙር ስጠኝ" እላለሁ። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚሉት ተረት በልጅነቴ ያስቀኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አላሳቀኝም።

ጸሎቴ በከፊል ተሰማ ልበል? ስልኩ ሌላ ዓይነት መዝሙር ያመጣልኝ ጀመር። ድምፃቸው የወፈረ፣ ከደረታቸው የሚዘምሩ ሴቶች። ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ፈልጌያቸው አላውቅም፣ ይኖራሉ ብዬም አላሰብኩም። መዝሙር ማለት መውጣት ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ ገረመኝ። እነሱ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ታች ሲደርሱ ያምራሉ። አንዱን ብሞክረው ልብስ ሰፊ ለክቶ የሰፋልኝ ያህል ልክክ አለብኝ። ድምፄ አልተሰነጠቀም። ወርዶ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

አመጣሁት፣ አስጠናሁት፣ መራሁት። ምእመኑ ዝም አለ፤ እንዲያ ያለ ዝምታ ለእኔ ተሰጥቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት መሃረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አላነሱትም። መሪያችን ስለ እናቶች ኅብረት ያን ቀን ተወው፣ ከዚያ በኋላም አላነሳብኝም። ሁለተኛም አመጣሁ፣ ሦስተኛም። መጀመሪያ ሮጣ የምታቅፈኝ ጓደኛዬ ናት። "ይሄ ያንቺ ነው፣ የማንም አይሆንም!" ትላለች። እኔ ግን በሆዴ፣ ወፍራሙን ለእኔ ትታ ቀጭኑን ለራሷ ማድረጓ ነው እላለሁ። ቀናተኛ ሰው ምስጋናም ይቆረቁረዋል።

ለካኮ የተመረጠው መዝሙር የእኔ ሆነ። ገበያ ውላ ያልተሸጠላትን ሸክም መልሳ ተሸክማ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴት፣ በመንገዷ ላይ የምታመሰግነው ምስጋና ነው። ከአልዱባ ገበያ የምትመለስ ሴት ያየ ሰው ሳያለቅስ አይሰማውም። እንደተመረጠ ሲነገረኝ ከደስታዬ ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ነበር። እስከ ኮንፈረንሱ ድረስ ጓደኛዬ ሌላ የሚበልጥ ይዛ ብትመጣስ? ከእኔ ስልክ ሾልኮ የሚወጣ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። በምሳ ሰዓት ወደ ስልክ ቤቱ ሄድኩ።

"ቆልፍልኝ" አልኩት። "የምሰማውን ሰው ሁሉ እያየብኝ ነው።"

ስልኩን ተቀብሎ ከፈተ፣ ወረድ ወጣ አደረገና ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የሁለታችሁ ነው። እርስዎና ዘማሪዋ በአንድ አካውንት ነው ያላችሁት። እርስዎ የሰሙትን እሷ ታያለች፣ እሷ የሰማችውን እርስዎ ያያሉ። የፈለጉትም የጻፉትም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

"ማን አዝዞህ ነው?"

"አንድም ነገር እንዳይቀር ብለውኝ ነዋ! ልክ እንደ እሷ ብለውኝ። ለያይ ካሉኝ አሁኑኑ እለያየዋለሁ።"

"ቆይ" አልኩት። ስልኬን ነጥቄው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ልቤ ይዘል ነበር። ተናድጄ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነው። የወንዙን መዝሙር ያመጣሁት እኔ ነኝ! እነዚያን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ! እኔ ስልክ ከገዛሁ ወዲህ፣ ልቤን ያውቀዋል የምትለው ስልክ እኔ ነበርኩ። ደንቡ ደንብ ከሆነ እሷ የመራቻቸው ሁሉ የእኔ ናቸው። ይሄን በመዘምራኑ ፊት ስናገር የሚሆነውን ሁሉ እያሰብኩ ቤቷ ደረስኩ።

በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ለእራት የሚቀቀለውን ሥራ ሥር፣ ቦዬ ትልጣለች። ሳልቀመጥ፣ ሰላም ሳልላት ጀመርኩ። "የመራሻቸው መዝሙሮች የእኔ ናቸው። አንድ አካውንት ነው ያለን። እኔ የሰማሁትን ነው አንቺ የምታገኚው።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምን?"

"አውቃለሁ አልኩሽ። ስልክ የገዛሽ ሳምንት ነው ያወቅሁት።" እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኳን አምጥታ የመፈለጊያው ቦታ ላይ ነካች። ከሥሩ ዝርዝር ወረደ። የእኔ ቃላት ናቸው። ድምፅ ለምን ይዘጋል። የወረደ ድምፅ ይመለሳል ወይ። ዝንጅብል ለድምፅ። ከፍ ያለ መዝሙር ለመዘመር ምን ይደረግ። በሬን ዘግቼ፣ ባለቤቴ እንኳ እንዳያይ ደብቄ የጻፍኳቸው። ተኮልኩለው ተቀምጠዋል። "ጂንካ ውስጥ ድምፅዋ ወርዶባት የምትጨነቅ ዘማሪት ስንት አለች ብለሽ ነው?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አጠገቧ ያለው ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ታስለዪው ነበር። አላውቅሽም እንዴ?"

"ያቃተኝን እየለቀምሽ ስትዘምሪስ?"

"ትወጃቸዋለሽ። ስንቴ እንደሰማሻቸው አይቻለሁ። አንቺ ካልደረስሽባቸው ደግሞ እኔ ጋ ይዘመሩ አልኩ። ሳይዘመሩ ቢቀሩ ይሻላል?"

እሷ ቦዬዋን አንስታ መላጥ ቀጠለች፤ ቀና ሳትል "እነዚያን ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ሴቶች ግን አንቺ አይደለሽም ያገኘሻቸው" አለች። "እኔ ነኝ የፈለግኋቸው። ለእኔ አይሆኑም፣ ያን ታውቂያለሽ። ደጋግሜ ስሰማቸው አንቺ ጋ ይመጣሉ ብዬ ነው። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት እከፍታቸዋለሁ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ይዘውታል የካኮውን መዝሙር።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንደ ተሰማኝ ልንገራችሁ። ማመስገን ነበረብኝ፤ አላመሰገንኩም። ተነስቼ ላቅፋት ይገባ ነበር፤ አላቀፍኳትም። እንደገና ቀናሁ። እስከዚያ ቀን በድምፅዋ ብቻ ነበር የምቀናው። በልቧ እበልጣታለሁ ብዬ አስቤ ባላውቅም እኩል ነን ብዬ አስብ ነበር። እኔ ስልኬን ሳስቆልፍ እሷ ለእኔ መዝሙር ትፈልጋለች። በዚህም ቀደመችኝ። ቦዬውን ብሉልኝ ብላ ለልጆቼ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ያንንም ተቀብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ መሪያችን "የካኮውን መዝሙር ከመጀመሪያው እንውሰደው" ብሎ ማይኩን ሲዘረጋልኝ አልተቀበልኩትም።

"ያመጣ ይመራል አይደል ደንባችን? ይሄን ያመጣችው እሷ ናት" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ለምን እንዳልኩት አሁንም በደንብ አላውቀውም። ይሉኝታ አለበት፤ እልህም አለበት። በእሷ ምጽዋት ከፊት መቆም አልፈለግኩም። ጓደኛዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ እኔ "እሷ ናት፣ ጠይቋት" ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሷ ደግሞ አትዋሽም። መሪያችን ግራ እየገባው ማይኩን ሰጣት። ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው "ቶኑን ከፍ ላድርግልሽ?" ሲላት፣ "አይ፣ ለእሷ በተለማመድንበት ይሁን። ካኮ ላይ የምትመራው እሷ ናት" አለችው።

ጀመረች። መዝሙሩ ከታች ነው የሚነሳው። ያ እንደ ልቡ የሚወጣ ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አየር ብቻ ቀረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጭራሽ ጠፋ። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ያዘችው፤ ተሰነጠቀ። ከኋላ ያሉት ልጃገረዶች እርስ በርስ ተያዩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስትዘምር ሰምቻታለሁ፣ አንድም ቀን ስትወድቅ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ለእኔ ብላ ፈልጋ ባገኘችው መዝሙር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደቀች። ልቤ ግን፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለው። እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለው።

ዞር ስትል ፊቴን አየችው። የሚደበቅ ደስታ አልነበረም፤ እሷም ደግሞ እኔን ማንበብ ታውቅበታለች። ማይኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ከኋላዬ ሄዳ ቆመች፤ ስጀምርም ከሁሉ ቀድማ የተቀበለችኝ እሷ ነበረች።